ትዕግሥትና መጽናናት በመከራ ዘመን፤ የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታት መታሰቢያ

በዚህ ዓለም የሚኖር ሰው ሁሉ፥ ንጉሥም ቢሆን ድኻም ቢሆን፥ ሊቅም ቢሆን ጨዋም ቢሆን፥ መከራ ሳይነካው ዕድሜውን የሚፈጽም የለም። አንዱን በሽታ፥ አንዱን ረኃብ፥ አንዱን የልጅ ሞት፥ አንዱንም ስደትና እስራት ያገኘዋል። ስለዚህ የሰውን ልጅ የሚለየው መከራ ማግኘቱና አለማግኘቱ አይደለም፤ መከራው በመጣ ጊዜ የሚቆምበት ነገር ያለው መሆኑና አለመሆኑ ነው እንጂ።

ክርስቲያን ወደ ኅዘን ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ሲል፥ እግዚአብሔር ያስረሳችሁ ማለቱ አይደለም፤ ኅዘናችሁ ትንሽ ነው ማለቱም አይደለም። መጽናናት የሚለው ቃል ጸና ከሚለው ግስ የወጣ ነውና፥ ኅዘንተኛውን ጽኑ ሁን፥ አትውደቅ፥ በእግርህ ቁም ማለቱ ነው። ትዕግሥትም እንዲሁ ነው። ብዙ ሰው ትዕግሥትን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ፥ ግፍንም አሜን ብሎ መቀበል አድርጎ ይገምተዋል። በሊቃውንት ትርጓሜ ግን ትዕግሥት ሸክሙን ተሸክሞ ከመንገድ አለመውጣት ነው። ሸክሙ ያው ሸክም ነው፤ የተሸካሚው ጕልበት ግን ይጸናል።

ጻድቁ ኢዮብ ሀብቱንና ልጆቹን፥ ኋላም ጤንነቱን ባጣ ጊዜ፥ ሦስቱ ወዳጆቹ መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ያደረጉለት መልካም ነገር ይህ ነበር። አፋቸውን ከፍተው ይህ መከራ ያገኘህ በኃጢአትህ ነው እያሉ ምክንያት መፈለግ በጀመሩ ጊዜ ግን አጽናኝነታቸው ቀረ፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር ወቀሳቸው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ለልቅሶ የመጣ ጎረቤት ብዙ ሳይናገር አብሮ መቀመጡ ከጥንት የመጣ ጥበብ ነው። ኅዘንተኛው ከሁሉ አስቀድሞ የሚሻው አብሮት የሚቆም ሰው ነው፤ ምክንያት የሚያስረዳው ሰው ኋላ ይመጣል።

ቤተ ክርስቲያንም ይህን ትዕግሥት ለልጆቿ የምታስተምረው ገና በተማሪ ቤት ሳሉ ነው። በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የነበረው ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ፥ መምህሩ ቢገርፈው ሸሽቶ ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፥ አንዲት ትል ዛፉን ልትወጣ ስትሞክር፥ ከመካከል እየደረሰች ስትወድቅ፥ ደግማም ስትነሣ አየ። በሰባተኛው ጊዜ ከላይ ደርሳ ፍሬውን ስትበላ ባየ ጊዜ፥ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ዜማውን ለዓለም የሰጠ ሊቅ ሆነ። የቆሎ ተማሪም ሁሉ ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ ከደጅ ደጅ እየለመነ፥ ከውሻ እየተከላከለ ሲማር የሚኖረው በዚህ ታሪክ እየተጽናና ነው። በልጅነቱ በረኃብና በብርድ መካከል ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው፥ በሽምግልናው መጽሐፉ ቢነጠቅ እንኳ ጸሎቱን የሚነጥቀው የለም።

የዚህ ሁሉ ትምህርት ፈተና በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የታየበት ዘመን ፋሽስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን የያዘበት የ5 ዓመት ዘመን ነው፤ ቦታውም ደብረ ሊባኖስ ነው።

ደብረ ሊባኖስ በሸዋ፥ በሰላሌ አገር፥ በታላቅ ገደል ሥር የሚገኝ ገዳም ነው። አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ዓመት በመሠረቱት ጊዜ ስሙ ደብረ አስቦ ይባል ነበር፤ ደብረ ሊባኖስ ብለው የሰየሙት በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው። የገዳሙ አለቃ እጨጌ እየተባለ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሁሉ አባት ሆኖ ኖሯል። የጻድቁ ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ ሲሣል በአንድ እግር ቆመው፥ ክንፍ አውጥተው፥ የተሰበረው እግራቸውም ከአጠገባቸው ሆኖ ይታያል። ይኸውም በገድላቸው እንደ ተጻፈ፥ በጸሎት ብዛት አንዱ እግራቸው በተሰበረ ጊዜ 7 ዓመት በቀረው እግራቸው ቆመው ስለ ጸለዩ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ ጦርነት ገዳሙ ተቃጠለ፤ መነኮሳቱም በሰይፍና በእሳት አለቁ። ነገር ግን ከጊዜ በኋላ የተረፉት ተመልሰው ሥርዓቱን አቆሙት። እንግዲህ የዚህ ገዳም ልጆች ከአባታቸው የወረሱት አንድ እግር ቢሰበር በሌላው መቆምን ነው።

በ1928 ዓመተ ምሕረት፥ መስከረም 22 ቀን፥ የኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ገባ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም ጠላት አዲስ አበባን ያዘ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ኢየሩሳሌም፥ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ። በየገደሉና በየዱሩ አርበኞች ተነሡ።

በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ከኢትዮጵያ ጳጳሳት አንዱ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በአደባባይ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። አቡነ ጴጥሮስ በ1921 ዓመተ ምሕረት ወደ ግብፅ ተልከው ከተሾሙት 4 ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት መካከል ነበሩ። ጠላት ሕዝቡን ግቡ፥ አርበኞቹንም ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ በጠየቃቸው ጊዜ እምቢ አሉ። በ1929 ዓመተ ምሕረት ደግሞ አቡነ ሚካኤል በጎሬ እንዲሁ ተገደሉ። የእነዚህ አባቶች ሞት ትዕግሥት ለግፈኛ መገዛት እንዳልሆነ አስረዳ። አቡነ ጴጥሮስ ሰይፍ አልመዘዙም፤ የማያምኑበትንም ቃል አልተናገሩም። ሥጋቸውን ሰጥተው እውነትን ያዙ፤ የሰማዕት ትዕግሥት ይህ ነው።

በ1929 ዓመተ ምሕረት የካቲት 12 ቀን፥ የኢጣልያ እንደራሴ ማርሻል ግራዚያኒ ስለ ኢጣልያ ልዑል መወለድ ለድኾች ምጽዋት ይሰጣል ተብሎ ሕዝቡ በግቢ በተሰበሰበ ጊዜ፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሦስት ቀን ያህል በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የሆነው እልቂት በቃል የሚነገር አይደለም። ሰው ከነቤቱ ተቃጠለ፤ በመትረየስ፥ በአካፋና በዶማ ተገደለ። በመናገሻው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንም እሳት ተለኰሰበት። የኢትዮጵያ መንግሥት ኋላ እንዳስታወቀው በእነዚያ ቀናት የሞተው ሕዝብ 30,000 ይደርሳል።

ከዚህ በኋላ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የቦምቡ ነገር ተባባሪዎች ናቸው የሚል ክስ ተነሣባቸው። ዳኛ አልቀረበም፤ ምስክር በፊታቸው አልቆመም፤ እንዲመልሱም አልተጠየቁም። ግራዚያኒ ጄኔራል ማሌቲን ወደ ገዳሙ ላከ። ወታደሮቹ ገዳሙን የከበቡት ግንቦት 12 ቀን የሚከበረው የጻድቁ የፍልሰተ ዐፅም በዓል በሚደርስበት ሰሞን ነው። በዚያ በዓል ከየአገሩ ብዙ ተሳላሚ ይመጣልና፥ ከማኅበረ መነኮሳቱ ጋር በዓል ለማክበርና ጠበል ለመጠጣት የመጣ እንግዳ ሁሉ አብሮ ተያዘ። ግንቦት 13 ቀን በካሚዮን እየተጫኑ ላጋ ወልዴ ወደሚባል ሸለቆ ተወሰዱ፤ በዚያም እየተሰለፉ በመትረየስ ተረሸኑ።

ግራዚያኒ ወደ ሮማ በላከው ቴሌግራም በዚያ ቀን የተገደሉት 297 መነኮሳትና 23 ተባባሪ የተባሉ ሌሎች ሰዎች እንደ ሆኑ አስታወቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ በመጀመሪያ ተለይተው የቀሩት 129 ዲያቆናት በደብረ ብርሃን አጠገብ እንጌጫ በሚባል ቦታ ተረሸኑ። እነዚህ ለምድ ለብሰው፥ አኩፋዳ አንግተው ትምህርት ፍለጋ ከየአገራቸው የመጡ ወጣቶች ነበሩ። የሁሉም ቍጥር በጠላት መዝገብ 449 ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ ቦታውን የመረመሩና የሽማግሌዎችን ቃል የሰበሰቡ የታሪክ ሰዎች ግን፥ ተሳላሚው ሁሉ ሲቈጠር የሞቱት ከ1,400 እንደማያንሱ፥ ምናልባትም 2,000 እንደሚደርሱ ጽፈዋል። ግራዚያኒም ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ምልክቱ እንኳ እንዳልቀረ ለአለቆቹ አስታወቀ።

በዚህ ቦታ የአማኝ ልብ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ መጠየቁም ክሕደት አይደለም፥ ኢዮብም ጠይቋልና።

መጀመሪያው፥ እግዚአብሔር የወዳጁን ቤት በወዳጁ በዓል ቀን ለጠላት ለምን ሰጠ? የሚለው ነው። አባቶች ለዚህ ጥያቄ የኢዮብ ወዳጆች እንደ ሰጡት ያለ መልስ አልሰጡም፤ መነኮሳቱ በኃጢአታቸው ሞቱ አላሉም። ያደረጉት ጠያቂውን ይዘው ወደ ዕለተ ዓርብ መውሰድ ነው። በዚያች ዕለት ኃጢአት የሌለበት ጌታ ያለ ፍርድ ተሰቀለ፤ ደቀ መዛሙርቱም ስለ ምን እንደ ሆነ አላወቁም ነበር። ቤተ ክርስቲያን በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማትን እያነበበች፥ እየሰገደች፥ ሰዓቱን እየቈጠረች ስታመሽ፥ ትንሣኤን ለማስቸኰል ዓርብን አታሳጥርም። ዓርብን ሙሉውን ትቆመዋለች። ክርስቲያን የመከራውን ምክንያት ሳያውቅ ሊታገሥ የሚችለው፥ አምላኩ ራሱ በዚያ መከራ ውስጥ እንዳለፈ ስለሚያውቅ ነው። ይህ ጥያቄውን አያጠፋውም፤ ጠያቂውን ግን ብቻውን አይተወውም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ የሚያስጨንቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ ጸሎተ ፍትሐት አልተደረሰላቸውም፤ በቤተ ክርስቲያን አጸድም አልተቀበሩም። እናት የልጇን መቃብር አላወቀችም። ለኢትዮጵያ ክርስቲያን ከሞት ይልቅ የሚያስፈራው ሳይፈታና ሳይቀበር መቅረት ነው። እንግዲህ የእነዚህ ወገኖች በምን ይጽናኑ?

መልሱ በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ አለ። ስለ እምነቱ ደሙን ያፈሰሰ ሰው ገና ውኃ ሳይነካ ቢሞት ደሙ ጥምቀት እንደሚሆንለት አባቶች አስተምረዋል። ደሙ ጥምቀት የሆነለት ሰው ፍትሐት አጣ ተብሎ አይፈራለትም። ደግሞም በግብፅ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን መመልከት ያስፈልጋል። ዲዮቅልጥያኖስ የነገሠበት ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 277 ነው። በዘመኑ የተገደሉት ክርስቲያኖች ብዙዎች ናቸው፤ የብዙዎቹም መቃብር አልታወቀም። ይህ የዓመት ቍጥር በፊት በንጉሡ ስም ይጠራ ነበር፤ ኋላ ግን ክርስቲያኖች የገዳዩን ስም አንሥተው ዓመተ ሰማዕታት አሉት፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም እስከ ዛሬ ይቈጥሩታል። በመንበር የተቀመጠው አለፈ፤ በጕድጓድ የተጣሉት የዘመን ስም ሆኑ። መቃብር የሌለው ሰው በዘመን ውስጥ መቃብር አገኘ ማለት ነው።

በደብረ ሊባኖስም የሆነው እንዲሁ ነው። ጠላት የግንቦት 12ን ሰሞን የመረጠው ሰው በብዛት የሚገኝበት ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራው የሰማዕታቱን መታሰቢያ ከማይጠፋ ቀን ጋር አሰረው። የጻድቁ በዓል በየዓመቱ ይመጣልና፥ ከጻድቁ ጋር እነርሱም ይታሰባሉ። ተዝካር ያላወጣላቸው ወገን የለም ማለት ይቻላል፤ በዓሉ ራሱ ተዝካር ሆኗልና።

ከሞት የተረፉትስ? ከየካቲት 12 በኋላ ከአዲስ አበባና ከሸዋ የተያዙ ብዙ ሰዎች፥ ወንዶችም ሴቶችም፥ በሱማሌ አገር ዳናኔ ወደሚባል እስር ቤት ተወሰዱ። በዚያም ውኃው የከፋ፥ ሙቀቱ የበዛ፥ ወባው የጸና ነበርና ብዙዎች ሞቱ። እንዲህ ባለ ቦታ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ታቦት የለም፤ ጽና የለም። ክርስቲያን በዚያ የሚቀረው በልቡ የያዘው ብቻ ነው። ዳዊት በየዕለቱ ተከፍሎ ሳምንቱን ሙሉ ይደገማል፤ ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሏል። ስለዚህ ጸሎቱን በቃሉ የያዘ እስረኛ ቀኑን አይስትም፤ ዛሬ ሰኞ ነው፥ ነገ ማክሰኞ ነው ይላል። ቀኑን የማይስት ሰው ደግሞ በዓሉን አይስትም፤ በዓሉን የማይስት ሰው ተስፋውን አይስትም። ሊቃውንት ተማሪውን በቃልህ ያዝ እያሉ ሲያስጨንቁት የኖሩበት ምክንያት በእንዲህ ያለ ቦታ ይታወቃል።

በ1933 ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት ከተማይቱን በያዘበት በዚያው ዕለት በ5ኛው ዓመት፥ ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ቀን ለሕዝቡ ባደረጉት ንግግር ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፥ በበቀል እጁን እንዳያረክስ አዘዙት። ይህ ትእዛዝ ቀላል ትእዛዝ አልነበረም። አባቱ በላጋ ወልዴ ለቀረበት ሰው፥ ወንድሙ በእንጌጫ ለቀረበት ሰው ከጦርነቱ ይልቅ የሚከብድ ትእዛዝ ነበር። ሆኖም በአዲስ አበባ የነበሩት ብዙ ኢጣልያውያን የፈሩት እልቂት አልደረሰባቸውም።

ነገር ግን በቀልን መተው ፍርድን መርሳት አይደለም። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ወንጀለኞቹ ለፍርድ እንዲቀርቡ ጠይቃ ነበር፤ አልተፈጸመላትም። ግራዚያኒ በ1942 ዓመተ ምሕረት በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ቢፈረድበትም፥ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ማበሩ ነው እንጂ በኢትዮጵያ ስለ ሠራው ግፍ አይደለም፤ እርሱም በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። በ2004 ዓመተ ምሕረትም አፊሌ በሚባል የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። የሰማዕታቱ ወገኖች ይህን ሁሉ ሰምተዋል። የምድር ዳኛ ዝም ባለ ጊዜ የሚታገሥ ሰው፥ ዳኝነቱን ለሰማያዊው ዳኛ አስተላልፎ፥ ምስክርነቱን ግን በእጁ ይዞ ይኖራል። መርሳት ለበዳዩ ብቻ ያገለግላል፤ በቀልም በዳዩን መምሰል ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ መንገድ የክርስቲያን ትዕግሥት ናት፤ ስሟም መታሰቢያ ይባላል።

ደብረ ሊባኖስም ምልክቱ አልቀረም ከተባለ በኋላ እንደ ገና ተነሣ። መነኮሳት ተመለሱ፤ ደወል ተደወለ፤ ተማሪዎች በየጎጆአቸው ድምፃቸውን አሰሙ። በ1955 ዓመተ ምሕረት አሁን ያለው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ተመረቀ። ዛሬም ግንቦት 12 ቀን ተሳላሚው ያንኑ ገደል እየወረደ ይመጣል። ካህናቱም መቋሚያቸውን ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ያድራሉ። መቋሚያ መባሉ የሚቆሙበት ስለ ሆነ ነው፤ ሽማግሌ የደከመ ጕልበቱን በእርሱ ላይ ያሳርፋል፥ ነገር ግን አይቀመጥም።

እንግዲህ በዚህ ዘመን በአልጋ ላይ ሆኖ የሚሠቃይ ሕመምተኛ፥ ልጇን የቀበረች እናት፥ ከአገሩ ወጥቶ በባዕድ ምድር ብቻውን የሚያለቅስ ስደተኛ ቢኖር፥ ከደብረ ሊባኖስ አባቶች የሚማረው ይህን ነው። መከራው ለምን እንደ መጣ ባያውቅ አይደነቅ፤ የዕለቱን ጸሎት ለዕለቱ ያድርስ። ረጅሙን ጸሎት ባይችል አጭሩን ያድርስ፤ አጭሩንም ባይችል ሌላው ሲጸልይ አሜን ይበል። ያዘነ ጎረቤት ያለውም ምክንያት ሊያስረዳ አይቸኵል፤ አብሮ ይቀመጥ፥ ውኃ ይቅዳለት፥ እሳት ያንድድለት፥ የሞተበትንም ሰው ስም እያነሣ ያስበው። ሰማያዊው አጽናኝ መንፈስ ቅዱስ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በጎረቤት እጅ ነውና።

በዓለ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ደብር ሁሉ የዓመታቱን ብዛት ሲቈጥር፥ በእነዚያ ዓመታት በደጁ ቆመው ያለቀሱትንም አብሮ ይቈጥር። በኦሪት ሕግ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ሲነፋ ባሪያው አርነት ይወጣ፥ ርስቱን ያጣውም ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። በሕማም አልጋ፥ በስደትና በኅዘን ላሉ ሁሉ ያ መለከት እስኪነፋላቸው ድረስ፥ በአንድ እግር የቆሙት አባት የለመኑት አምላክ እግራቸውን ያጽናላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።